ልጁን የተነጠቀ እስረኛ በፌዴራል ፍርድ ቤት፦ አብዛኛው ክስ ለምን ከመጥሪያ በፊት ይዘጋል?

ከአሜሪካ ማረሚያ ቤቶች ወደ ፌዴራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤቶች ከሚላኩት አቤቱታዎች መካከል የመጀመሪያውን ገጽ እንዳዩ የሚለይ አንድ ዓይነት ክስ አለ። ከሳሹ በእስር ላይ ያለ አባት ወይም እናት ነው፤ ጠበቃ ስለሌለው ራሱን ወክሎ ይከራከራል፤ ተከሳሹ የግዛቱ ወይም የካውንቲው የሕፃናት ደህንነት ተቋም ነው፤ የሚጠየቀውም ዳኝነት ልጄ ይመለስልኝ፣ ለደረሰብኝም በደል ካሳ ይከፈለኝ የሚል ነው። የዚህ ዓይነቱ መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው ተከሳሹ ተቋም መጥሪያ እንኳ ሳይደርሰው ነው። መዘጋቱን ብቻ የሰማ ሰው ፍርድ ቤቱ ለተቋሙ የፈረደለት ሊመስለው ይችላል፤ ትእዛዙን ያነበበ ግን ልጁ በአግባቡ ተወሰደ ወይስ ያለአግባብ የሚለው ጥያቄ ከነጭራሹ እንዳልተነካ ያስተውላል። ክሱን የሚጥለው ማን ተከሰሰ፣ በየትኛው ፍርድ ቤትና በምን ጊዜ ተከሰሰ የሚለው ነው፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ከተከራካሪዎቹ ሁሉ አነስተኛው ዕድል ያለው ከሳሹ ራሱ ነው።

ክሱ የሚመሠረትበት ድንጋጌ በአሜሪካ የሕግ መድብል 42ኛ ክፍል ቁጥር 1983 ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ የሕግ ባለሙያዎችም እስረኞችም በቁጥሩ ብቻ ይጠሩታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኮንግረስ ሕጉን ያወጣው በ1871 ነው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ኩ ክለክስ ክላን በደቡብ ግዛቶች ከባርነት ነፃ በወጡ ጥቁሮች ላይ ሽብር ሲፈጽም የአካባቢው ባለሥልጣናት አይተው እንዳላዩ ያልፉ ወይም አብረው ይተባበሩ ስለነበር፣ ተበዳዩ በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚሟገትበት መንገድ አስፈለገ። ሕጉ ለ90 ዓመታት ያህል እምብዛም ሳይሠራበት ከቆየ በኋላ፣ በ1961 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቺካጎ ፖሊሶች ያለማዘዣ የአንድ ቤተሰብ ቤት ሰብረው በገቡበት በሞንሮ እና ፔፕ መዝገብ፣ ሥልጣኑን አላግባብ የተጠቀመ የመንግሥት ሠራተኛ የግዛቱ ሕግ ድርጊቱን የሚከለክል ቢሆንም እንኳ በዚህ ድንጋጌ ሊከሰስ እንደሚችል ወሰነ።

የወላጅነት መብትም ቢሆን በሕገ መንግሥቱ ውስጥ በስሙ ባይጠቀስም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከ1923 ጀምሮ በ14ኛው ማሻሻያ ጥበቃ ሥር አድርጎታል። በ1972 በስታንሊ እና ኢሊኖይ መዝገብ፣ ያላገባ አባት ብቁ አለመሆኑ በችሎት ሳይረጋገጥ ልጆቹን ሊነጠቅ አይገባም ተባለ። በ1982 በሳንቶስኪ እና ክሬመር መዝገብ ደግሞ ወላጅነት ለዘለቄታው የሚቋረጠው ከተራው የፍትሐ ብሔር ክርክር መመዘኛ ከፍ ባለ፣ ግልጽና አሳማኝ በሆነ ማስረጃ ብቻ መሆን እንዳለበት ተወሰነ። መታሰር ይህን መብት በራሱ አያጠፋውም። ስለዚህ እስረኛው መብቴ ተጣሰ ሲል የሚጠቅሰው መብት በእርግጥ አለ፤ ችግሩ መብቱን ይዞ የሚገባበት በር ነው።

ዱቤ የሆነው የደሀ ደንብ

የአገራችንን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የሚያውቅ አንባቢ በደሀ ደንብ መክሰስ፣ ማለትም አቅም የሌለው ሰው የዳኝነት ገንዘብ ሳይከፍል መክሰሱ፣ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። አሜሪካም ከ1892 ጀምሮ ተመሳሳይ ሕግ አላት፤ ነገር ግን በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የእስረኞችን ክስ የሚመለከት ማሻሻያ ሕግ፣ ለእስረኞች ሲሆን ይህን ነፃነት ወደ ዱቤ ለውጦታል። ያልታሰረ ደሀ ከዳኝነት ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ሊማር ሲችል፣ እስረኛው 350 ዶላሩን በክፍልፋይም ቢሆን አንድ ሳይቀር ይከፍላል። ከክሱ ጋር የስድስት ወር የሒሳብ መግለጫውን በማረሚያ ቤቱ አስመስክሮ ያያይዛል፤ ከዚያ ላይ ተሰልቶ 20 በመቶ እንደ መጀመሪያ ክፍያ ይወሰድበታል፤ ቀጥሎም ሒሳቡ ከ10 ዶላር ባለፈ ቁጥር ያለፈው ወር ገቢው 20 በመቶ እየተቆረጠ ወደ ፍርድ ቤቱ ይላካል። በማረሚያ ቤት ሥራ በወር 30 ዶላር የሚያገኝ ሰው በወር 6 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው፤ ዕዳውን ለመጨረስ አምስት ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አይቀረውም። ክሱ በመጀመሪያው ወር ቢዘጋም ቆረጣው ይቀጥላል። ሁለት ክስ ያለበት ሰው ደግሞ 40 በመቶ እንደሚቆረጥበት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 አረጋግጧል።

ይኸው ሕግ ዳኛው መጥሪያ ከመውጣቱ በፊት ክሱን በራሱ እንዲመረምርና የክስ ምክንያት የሌለውን እንዲዘጋ ያዝዘዋል። ራሱን ወክሎ የሚከራከር ሰው ጽሑፍ በለዘብታ መነበብ እንዳለበት ከ1972 ጀምሮ የጸና መርህ ነው፤ ዳሩ ግን ከ2009 ወዲህ ከሳሹ መደምደሚያውን ብቻ ሳይሆን ወደዚያ የሚያደርሰውን ፍሬ ነገር በዝርዝር እንዲጽፍ ይጠበቃል። «ተቋሙ ልጄን በተንኮል ወሰደ» ማለት አይበቃም፤ የትኛው ሠራተኛ፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ብሎ፣ ለማን የሚለው መታወቅ አለበት። ይህን የያዙት ሰነዶች ደግሞ የቤተሰብ ፍርድ ቤቱ ምስጢራዊ መዝገብ ውስጥ ናቸው። ሦስት ክሶች በዚህ መንገድ ከተዘጉበት በኋላ እስረኛው በክፍልፋይ የመክፈል መብቱን ያጣል፤ በ2020 በሎማክስ መዝገብ እንደተወሰነው፣ እንደገና መክሰስ ትችላለህ ተብሎ የተዘጋውም ጭምር ይቆጠርበታል። ለአካሉ የሚያሰጋ የቅርብ አደጋ ካለ ልዩ ሁኔታ አለ፤ ልጅን ማጣት ግን የአካል አደጋ ተብሎ አይታይም።

አንድ ነገር ብቻ ለእስረኛው ይቀልለታል። ስለ እስር ቤት አያያዝ የሚከስ ሰው አስቀድሞ የውስጥ የቅሬታ ደረጃዎችን በሙሉ መጨረስ አለበት፤ የሕፃናት ተቋምን ለሚከስ ግን ክሱ ስለ እስር ቤት ባለመሆኑ ይህ ግዴታ የለበትም። ሳያውቁ ለዚህ ወራት የሚያባክኑ ይኖራሉ፤ ወደ ፊት እንደምናየው ደግሞ የሚያልቅባቸው ዋናው ነገር ወር ነው።

ማንን ልክሰስ?

ቁጥር 1983 መክሰስ የሚፈቅደው መብት የጣሰን «ሰው» ነው። በ1989 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግዛትና የግዛት መሥሪያ ቤት በዚህ ሕግ አነጋገር «ሰው» አይደሉም ብሏል። ካውንቲና ከተማ ግን ናቸው፤ ይህ የተወሰነው በ1978 በሞኔል መዝገብ ሲሆን፣ ተከሳሹም የኒው ዮርክ ከተማ የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነበር። የከሰሱት ልጅ የተወሰደባቸው ወላጆች አልነበሩም፤ በእርግዝናቸው ምክንያት ያለ ደመወዝ እረፍት እንዲወጡ የተገደዱ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ነበሩ። ውሳኔው ግን ዛሬ ለወላጆችም ያገለግላል፦ ካውንቲው የሚጠየቀው በደሉ ከተቋሙ መመሪያ ወይም ከሰደደ ልማድ የመነጨ ከሆነ ነው እንጂ አንድ ሠራተኛ ስላጠፋ ብቻ አይደለም።

የዚህ ውጤት የሚገርም ነው። በቴክሳስ፣ በኢሊኖይ፣ በኒው ጀርዚ የሕፃናት ደህንነት ሥራ የሚመራው በግዛቱ ነው፤ በፔንስልቬንያ፣ በካሊፎርኒያ፣ በኦሃዮ በካውንቲ ነው። አንድ ዓይነት በደል የደረሰባቸው ሁለት አባቶች ሁለቱም በክሱ አናት ላይ የተቋሙን ስም ብቻ ቢጽፉ፣ የቴክሳሱ በዚያው ይወድቃል፤ የፔንስልቬንያው ደግሞ ልማዱን ወይም መመሪያውን እንዲያሳይ ይጠየቃል። እስረኛው የሚሞላው ፎርም ላይ የተከሳሽ ስም የሚጻፍበት ባዶ ቦታ አለ፤ የተቋሙ ስም በደብዳቤዎቹ ሁሉ ላይ ስለሚገኝ እጁ የሚቀድመው ወደዚያ ነው። መጻፍ የነበረበት ግን የማኅበራዊ ሠራተኛዋና የአለቃዋ ስም፣ በግል ኃላፊነታቸው የሚል መግለጫ ታክሎበት ነው። ልጁን አብሮ ከሳሽ ማድረግም አይችልም፤ ጠበቃ ያልሆነ ወላጅ ራሱን እንጂ ልጁን ወክሎ እንዲከራከር የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አይፈቅዱም።

ሲጀመር ቶሎ ነው፣ ሲያልቅ ዘገየ

አንድ አባት ፔንስልቬንያ ውስጥ በካውንቲው እስር ቤት ሳለ የ4 ዓመት ልጁ ከእናቷ እጅ ተወስዳ ከአሳዳጊ ቤተሰብ ዘንድ ተቀመጠች እንበል። አባትየው ተፈርዶበት ወደ ግዛቱ ማረሚያ ቤት ተዛወረ፤ የፍርድ ቤቱ ማስታወቂያ ግን ወደ ቀድሞው አድራሻ ሄዶ ተመለሰ፤ ሠራተኛዋ አባትየው ሊገኝ አልቻለም ብላ ለችሎቱ አስረዳች። የታራሚዎችን መገኛ ማንም ሰው በኢንተርኔት በስም ፈልጎ በሚያገኝበት አገር ይህ ዓይነቱ ቃል እንዴት ሳይመረመር እንደሚያልፍ ለእኔ ግልጽ አይደለም፤ ግን ያልፋል።

አባትየው ነገሩን ሰምቶ ወዲያውኑ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ቢያመለክት የሚያገኘው መልስ ጉዳዩ በግዛቱ ፍርድ ቤት በመታየት ላይ ነው የሚል ይሆናል። በ1971 በያንገር መዝገብ የተቀመጠው፣ በ1979 በሙር እና ሲምስ መዝገብ የሕፃናት ጉዳይንም እንዲሸፍን የተደረገው መርህ የፌዴራል ዳኛ በተጀመረ የግዛት ክርክር ውስጥ እጁን እንዳያስገባ ይከለክለዋል። አባትየው ታግሦ የወላጅነት መብቱ ከተቋረጠ በኋላ ቢመጣ ደግሞ ሩከር-ፌልድማን የሚባለው፣ ከ1923 እና ከ1983 ሁለት ውሳኔዎች ስሙን ያገኘው ደንብ ይጠብቀዋል፦ የግዛት ፍርድ ቤትን ፍርድ ማረም የሚችለው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ብቻ እንጂ የፌዴራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት አይደለም። አካልን ነፃ ለማውጣት በሚቀርበው አቤቱታ በኩል ልሂድ ቢልም፣ በ1982 በሊመን እና ላይካሚንግ ካውንቲ የሕፃናት አገልግሎት መዝገብ ያ መንገድ ለልጅ ጉዳይ እንዳይውል ተዘግቷል።

እያንዳንዱ ደንብ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። የቤተሰብ ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ የግዛቶች ነው፤ በየውሳኔው የተሸነፈ ሁሉ ወደ ሌላ ፍርድ ቤት የሚሮጥ ከሆነም ልጁ መቼም አይረጋጋም። አብረው ሲደረደሩ ግን ልጄ ይመለስልኝ የሚለው ጥያቄ በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚታይበት ቀን ከቶ አይኖርም። ይህን በሕጉ ላይ የደረሰ የአጋጣሚ ስህተት አድርጎ ማየት ልክ አይመስለኝም፤ ፍርድ ቤቶቹ አውቀው የዘረጉት ሥርዓት ነው። የሚያስወቅሰው ለእስረኛው የሚሰጠው ፎርም ይህን አንድም ቦታ ላይ አለመናገሩ ነው።

በዚህ መሐል በቤተሰብ ፍርድ ቤት በኩል ሰዓቱ ይቆጥራል። በ1997 የወጣው የጉዲፈቻና የአስተማማኝ ቤተሰብ ሕግ፣ አንድ ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በአሳዳጊ ቤተሰብ ዘንድ ካሳለፈ ግዛቱ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ አቤቱታ እንዲያቀርብ ያዛል። ከ15 ወር በላይ የሚታሰር ሰው ብዙ ነው። የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮው በ2016 ባደረገው ጥናት በግዛትና በፌዴራል ማረሚያ ቤቶች የነበሩ 684,500 ያህል እስረኞች ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ነበራቸው፤ ልጆቹም ወደ 1.5 ሚሊዮን ይጠጉ ነበር። አብዛኞቹ ከሌላው ወላጅ ወይም ከአያት ጋር ስለሚኖሩ ይህ ቆጠራ አይነካቸውም፤ ከዘመድ እጅ የወጡት ላይ ግን ይሠራል።

ሰዓቱ በሚቆጥርበት በዚያ ችሎት ጠበቃ ማግኘት በሕገ መንግሥት የተረጋገጠ አለመሆኑ የተወሰነው ራሱ በአንዲት እስረኛ እናት ጉዳይ ነው። የላሲተር እና የዱራም ካውንቲ የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት መዝገብ ከሰሜን ካሮላይና ተነሥቶ በ1981 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እናቲቱ የረጅም ዓመት ፍርድ እየፈጸመች ሳለ ከማረሚያ ቤት ተወስዳ ለቀጠሮው ቀረበች፤ ጠበቃ አልነበራትም፤ የማኅበራዊ ሠራተኛዋን መስቀለኛ ጥያቄ ጠይቂ ስትባል የራሷን ታሪክ መናገር ጀመረች፤ ዳኛውም ጥያቄ እንጂ ንግግር እንዳታቀርብ ደጋግመው አቋረጧት። የፍትሐ ብሔር ችሎት የተከታተለ ሰው ይህን ትዕይንት አይቶት ያውቃል፤ ሕግ ያልተማረ ሰው ጠይቅ ሲባል ማስረዳት ይጀምራል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ጠበቃ ማቆም እንደየጉዳዩ እየታየ እንጂ ለሁሉም ግዴታ አይደለም አለ፤ በእሷ ጉዳይም ጠበቃ ቢኖራት ውጤቱ ይለወጥ ነበር ማለት እንደማይቻል አከለበት። ዛሬ አብዛኞቹ ግዛቶች በራሳቸው ሕግ ለእንዲህ ዓይነቱ ወላጅ ጠበቃ ይመድባሉ፤ በፌዴራሉ የመብት ክስ ግን ዳኛው ጠበቃን ሊለምን እንጂ ሊያስገድድ እንደማይችል በ1989 ተወስኗል።

ከሁሉም በላይ የማይዋጥልኝ ስለ ሕግ ቤተ መጻሕፍት የተባለው ነው። በ1977 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማረሚያ ቤቶች ለእስረኞች የሕግ መጻሕፍት ወይም የሕግ ረዳት እንዲያዘጋጁ አዘዘ። በ1996 በሉዊስ እና ኬሲ መዝገብ ግን ይህን አጠበበውና፣ ሊቀርብለት የሚገባው እስረኛው ፍርዱን ለመቃወምና የእስር አያያዙን ለመክሰስ የሚያስፈልገው ብቻ ነው፤ ሌላውን ክርክር የማካሄድ አቅሙ ቢጎድል የእስር ተጓዳኝ ውጤት ነው አለ። ልጁን ለማቆየት የሚሟገት ሰው በዚህ «ሌላ» ውስጥ ይወድቃል። ይኸው ፍርድ ቤት በ2000 በትሮክሰል መዝገብ የወላጅን መብት ከሚጠብቃቸው መሠረታዊ ነፃነቶች ምናልባት አንጋፋው እንደሆነ የሚገልጽ ሐሳብ በአራት ዳኞች ፊርማ አውጥቷል። ስለ ምግቡ ጥራት የሚከስ እስረኛ መጽሐፍ የማግኘት መብት ኖሮት፣ ስለ ልጁ የሚከስ የማይኖርበትን ምክንያት ሁለቱን ውሳኔዎች አጠገብ ለአጠገብ ያነበበ ሰው ማስረዳት ይቸግረዋል።

እንግዲህ የሚተርፈው ቀጭን መንገድ ነው፤ ግን አለ። ከላይ ያነሣናት ሠራተኛ አባትየው የት እንዳለ እያወቀች ሊገኝ አልቻለም ብላ ከሆነ፣ በደሉ የፍርዱ ሳይሆን ከፍርዱ በፊት የተፈጸመ የእሷ ድርጊት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 የሩከር-ፌልድማንን ደንብ ስላጠበበው፣ ፍርዱ ይሻርልኝ ሳይሆን በሐሰት ቃሏ ለደረሰብኝ ጉዳት ትጠየቅልኝ የሚል ክስ የማለፍ ዕድል አለው፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቶች ግን ድንበሩን በአንድ ዓይነት አያሰምሩትም። ያለመከሰስ ጥበቃውም እንደየቦታው ይለያያል። ፔንስልቬንያን የሚሸፍነው ሦስተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1997 ማኅበራዊ ሠራተኞች በሕፃናት ችሎት አቤቱታ ሲያቀርቡና ሲከታተሉ እንደ ዐቃቤ ሕግ ሙሉ ጥበቃ ሰጥቷቸዋል፤ ካሊፎርኒያን የሚሸፍነው ዘጠነኛው ደግሞ በ2008 ማስረጃ የፈጠረ ወይም በአቤቱታው ላይ የሐሰት ቃል የሰጠ ሠራተኛ ይህ ሙሉ ጥበቃ የለውም ብሏል።

ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ማለትም ይርጋውም አጭር ነው። ቁጥር 1983 የራሱ ይርጋ ስለሌለው የየግዛቱ የአካል ጉዳት ካሳ ይርጋ ይሠራበታል፤ በኬንታኪና በቴነሲ አንድ ዓመት፣ በፔንስልቬንያና በካሊፎርኒያ ሁለት፣ በኒው ዮርክ ሦስት። ይህንንም አልፎ የረታ እስረኛ በ1996ቱ ሕግ መሠረት አካላዊ ጉዳት ሳይኖር ለመንፈስ ጉዳት ብቻ ካሳ ሊያገኝ አይችልም፤ ልጅን ማጣት ደግሞ ከዚህ ሌላ የጉዳት ስም የለውም። በብዙ የይግባኝ ፍርድ ቤቶች እንደ ምልክት የሚሰጠውንና የቅጣት ካሳውን መጠየቅ ይቻላል።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩት የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ልዩነቱ በቋንቋም ይታያል። ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቿ፣ የሕፃናት ጉዳይ ተቋሟን ጨምሮ፣ አማርኛ ለሚናገር ሰው አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። በፌዴራል ፍርድ ቤት ግን የ1978ቱ የአስተርጓሚዎች ሕግ የሚሠራው መንግሥት ራሱ በሚያቀርባቸው ክሶች ላይ ስለሆነ፣ በራሱ የመብት ክስ ያቀረበ እስረኛ በሕጉ አስገዳጅነት አስተርጓሚ አያገኝም፤ አቤቱታውንም በእንግሊዝኛ መጻፍ ይጠበቅበታል።

የ1997ቱ የጉዲፈቻ ሕግ ራሱ ግን መውጫዎች አሉት፤ ልጁ ከዘመድ ጋር ከሆነ፣ አቤቱታው ለልጁ ጥቅም እንደማይበጅ የሚያሳይ አሳማኝ ምክንያት በመዝገብ ከሰፈረ፣ ወይም ተቋሙ ቤተሰቡን ለማገናኘት ማቅረብ የሚገባውን አገልግሎት ካላቀረበ ግዛቱ አቤቱታውን ሊተወው ይችላል። ኒው ዮርክ በ2010፣ የዋሽንግተን ግዛት በ2013 ሕጋቸውን አሻሽለው የወላጁ መታሰርና ከእስር ቤትም ሆኖ በልጁ ሕይወት ውስጥ ያለው ተሳትፎ ከግምት እንዲገባ አድርገዋል። ተሳትፎው የሚረጋገጠው ደግሞ በተጻፉ ደብዳቤዎች ቅጂ፣ በስልክ ጥሪ መዝገብ፣ ልጁን ልትወስድ ፈቃደኛ የሆነች አክስት ስሟና አድራሻዋ ለሠራተኛዋ የተሰጠበት ቀን በሚታይበት ወረቀትና በየዝውውሩ ለቤተሰብ ፍርድ ቤቱ በተላከ አዲስ አድራሻ ነው። ይህ ሁሉ የሚቀርበው ለቤተሰብ ችሎቱ፣ በተመደበው ጠበቃ በኩል፣ 15ኛው ወር ሳይሞላ ነው፤ የዳኝነት ገንዘብም አይጠየቅበትም።